ሸራው ነው ያሻገተው

ሸራ ሰፊ ነኝ። መርካቶ የጭነት መኪና ሸራ በመጣፍ ጀመርኩ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ፣ አናፖሊስ አጠገብ፣ የጀልባና የጄት ስኪ ልብስ እሰፋለሁ። ጄት ስኪ እንደ ሞተር ብስክሌት ተቀምጠውበት ውሃ ላይ የሚነዱት ነው። ሰሞኑን የመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጄት ስኪ ሽፋን ናቸው። የሚመሳሰሉትን ትቼ፣ የቀሩትን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። ስለ ሞተር የጠየቃችሁኝ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ከሽፋኑ በታች ብዙም አልወርድም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ተዋጥተን ያገለገለ ያማሃ ጄት ስኪ ገዛን። በረዶው ከመምጣቱ በፊት ያንን ሰማያዊ ፕላስቲክ ሸራ ገዝተን፣ ሁለት ጊዜ ደርበን ጠቅልለን፣ በገመድ ጥፍር አድርገን አሰርነው። ጠብታ እንኳን እንዳይገባ ነበር ሐሳባችን። ኤፕሪል ላይ ስንከፍተው ወንበሩ በሻጋታ ጠቁሯል። ሽታው አይጣል ነው። አይጥም ቤት ሠርታበታለች። ለመሆኑ ውሃው በየት ገባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሃው ከውጭ አልገባም። አብራችሁ ነው የጠቀለላችሁት።

ጄት ስኪ ከሐይቅ ወጥቶ ደርቋል ሲባል የደረቀው ላዩ ነው። ሆዱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል። የወንበሩ ስፖንጅ በስፌቱ ቀዳዳ በኩል ውሃ ይጠጣል። እግር የምታሳርፉበት ምንጣፍ ከስሩ እርጥብ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሳጥን ውስጥ የተረሳ እርጥብ የዋና ጃኬት ካለማ ተወው። ቀን ፀሐይ ፕላስቲኩን ስታሞቀው ይህ ሁሉ እርጥበት ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል። መውጫ ግን የለውም። ማታ ሲቀዘቅዝ የፕላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይንጠባጠባል። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ እንደማሳደር ነው። ማንም ውሃ አላፈሰሰበትም፣ ግን ርሷል። እናንተ ደግሞ ወራት ሙሉ አሳደራችሁት። መደረባችሁም ነገሩን አባባሰው እንጂ አልጠቀመም።

ሰው ሁሉ ሽፋን ሲገዛ የሚያስበው ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት የተበላሹ ጄት ስኪዎች ግን አብዛኞቹ የተበላሹት ከታች በሚወጣው እርጥበት ነው።

ለከርሞ መጀመሪያ አድርቁት። የማፍሰሻ ቡሾቹን አውጡ። መቼም ሚኒሶታ ውስጥ ከሐይቅ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲጎተት ቡሾቹ ወጥተው እንዲሆን ሕጉ ራሱ ያዛል፤ ዜብራ የሚባለው ወራሪ ዛጎል ከሐይቅ ሐይቅ እንዳይዛመት ነው። እናንተ እዚያው ክፍት እንደሆነ ተዉት። የጄት ስኪውን አፍንጫ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት፣ የቀረው ውሃ ወደ ኋላ ይውረድ። ወንበሩን ነቅላችሁ ቤት አስገቡት። በዚህ አንድ ሥራ ሻጋታውንም የአይጧን ፍራሽም አስቀራችሁ ማለት ነው። ባትሪውንም አብራችሁ አስገቡ። ኃይሉ ያለቀ ባትሪ በናንተ አገር ብርድ ይቀዘቅዝና ይሰነጠቃል።

ከዚያ ሽፋን። የአየር መውጫ የተሰፋበት ግዙ። የአየር መውጫ የምለው ቆብ የመሰለ ትንሽ ኪስ ነው፤ አፉ ወደ ታች የዞረ፣ ውስጡ መረብ ያለው። ቁጥሩን እዩ። አንድ ብቻ ከሆነ ለማስመሰል የተሰፋ ነው። አየር እንዲንቀሳቀስ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ መሆን አለበት። በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል።

ሽፋን መግዣ ከሌለ ያው ሰማያዊ ሸራ ይሠራል፣ ግን አያጠቃልሉትም። ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ቱቦ ጣሪያ ሥሩለትና ሸራውን በጣሪያው ላይ ዘርጉት። ጄት ስኪውን አይንካው። ፊትና ኋላው ክፍት ይሁን። ጣሪያው ቁልቁል ከሆነ በረዶውም ተንሸራቶ ይወርዳል። በእሳት አሙቀው የሚያጣብቁት ነጩ ፕላስቲክም ጥሩ ነው፣ ካስለበሳችሁ ግን የአየር መውጫ ይለጠፍልን በሉ። ካልተናገራችሁ የማይለጥፍ አለ።

አይጥን ሽፋን አይከለክላትም። ከስር ነው የምትገባው። የጭስ መውጫውንና የአየር ማስገቢያውን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ወትፉት። ስትወትፉ መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሽቦው መውጣት አለበትና።

አሁን ያለውን ሻጋታ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና እጠቡ። አልለቅ ካለ ኮምጣጤ በውሃ በጥብጣችሁ ሞክሩ። በረኪና ወንበሩ ላይ አታድርጉ፣ ክሩን ይበላዋል። ከታጠበም በኋላ ከሸተተ ሻጋታው ስፖንጁ ውስጥ ነው። ያኔ ልብሱን ገልጦ ስፖንጁን ከመቀየር ሌላ መላ የለውም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፈው ከቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ «ባለ 600 ዴኒየር ፖሊስተር እንግዛ፣ እሱ ነው ጠንካራው» ይላል። ሻጩ ደግሞ ሰንብሬላ የሚባል አክሪሊክ ይሻላል ብሎ ዋጋውን ሰቀለብን። ማን ነው ልክ? ጄት ስኪያችን ሲ-ዱ ስፓርክ ነው፣ ሦስት ሰው የሚይዘው። ዓመቱን ሙሉ ደጅ ነው የሚቆመው።

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ግማሽ ልክ ነው። ዴኒየር የክሩ ክብደት ነው። 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር 600 ግራም ከመዘነ ባለ 600 ይባላል። ስለዚህ ባለ 600ው ከባለ 300ው ይወፍራል። ፀሐይ ይችላል ወይ ለሚለው ግን ቁጥሩ መልስ የለውም።

ፖሊስተር ቀላልና ርካሽ ነው፣ መፋተግም ይችላል። ውሃ የሚከለክለው ግን ብዙ ጊዜ ጨርቁ ሳይሆን ከውስጥ በኩል የተቀባው ቅብ ነው። ያ ቅብ ዕድሜ አለው። አሮጌ የፖሊስተር ሽፋን ካለሽ ገልብጪና በአውራ ጣትሽ ፈግፍጊው። እንደ ፎረፎር ነጭ ነገር ከረገፈ ዝናቡ ገብቷል በይ።

አክሪሊኩ ሌላ ነው። ቀለሙ የሚገባው ክሩ ሳይፈተል፣ ገና ፈሳሽ እያለ ነው። ብትቆርጪውም ውስጡ ያው ቀለም ነው። ስለዚህ ፀሐይ ቶሎ አታነጣውም። ደግሞ ይተነፍሳል። ቢሻግት እንኳን በረኪና ይችላል፤ በአንድ ጋሎን ውሃ አንድ ኩባያ በረኪናና ሩብ ኩባያ ለስላሳ ሳሙና በጥብጠሽ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አቆይተሽ፣ በደንብ አለቅልቀሽ ጥላ ላይ ማስጣት ነው። ይህን ቅብ ባለው ፖሊስተር ላይ አታድርጊ። ከእንዲህ ያለ እጥበት በኋላ አክሪሊኩ ውሃ ማንከባለሉን ይቀንሳል፣ እንደገና ውሃ መከላከያ ይረጭበታል።

የአክሪሊክ ድክመቱ መፋተግ ነው። ስፖኪዮው ጫፍና የመሪው እጀታ ላይ ቶሎ ይሳሳል። እነዚያ ቦታዎች ላይ ከውስጥ ተጨማሪ ጨርቅ ካልተሰፋበት ስም ያለውም ቢሆን አትግዢው።

ለእናንተ ፍርዴ አክሪሊክ ነው፣ ደጅ ስለሚውል። ቀን ወጥቶ ማታ ጋራዥ የሚገባ ቢሆን ኖሮ የባለቤትሽን ሐሳብ እደግፍ ነበር።

ከጨርቁ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልኩ ነው። ማሸጊያው ላይ «ለሦስት ሰው ጄት ስኪ» የሚለውን አትመኚ። የእናንተ ስፓርክ ሦስት ሰው ይይዛል፣ ርዝመቱ 3.05 ሜትር ነው። ያማሃ ኤፍኤክስም ሦስት ሰው ይይዛል፣ እሱ ግን 3.58 ሜትር ነው። ከግማሽ ሜትር በላይ ልዩነት! ለሁለቱም ይሆናል የተባለ ሽፋን ለስፓርክ ይሰፋል። የሰፋ ሽፋን ደግሞ በመሪውና በወንበሩ መካከል ይረግብና ውሃ ያቁራል። የቆመ ውሃ የማያልፈው ስፌት የለም። ለሞዴላችሁ የተቆረጠውን፣ ዓመተ ምሕረቱንም ጭምር ነግራችሁ ግዙ።

ሱቅ ውስጥ ሳለሽ አንድ ነገር አድርጊ። ሽፋኑን ገልብጠሽ የስልክሽን መብራት ከስፌቱ ስር ያዥ። መርፌው የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ኮከብ ሆኖ የሚታይሽ ከሆነ መርፌው ከክሩ በላይ ወፍሯል ማለት ነው። ጥሩ ስፌት ላይ ክሩ ቀዳዳውን ሞልቶት ብርሃኑ እምብዛም አያልፍም። ሻጩ ቢያፈጥብሽ ግድ የለሽም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዱባይ ጄት ስኪ የሚያከራይ ቦታ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ሽፋን የማልበስ ሥራው የኔ ነው። ሽፋኖቹ ዓመት ሳይሞላቸው ስፌታቸው ይተረተራል። አለቃዬ «አንተ እየጎተትክ ነው የምትቀደው» ይለኛል። እውነት የኔ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለአለቃህም የምታሳየው ማስረጃ አለ። ጨርቁን ተውና ክሩን አሳየው። ፀሐይ ካልደረሰበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከታች ከታጠፈው ጠርዝ ውስጥ፣ አንድ ክር ምዘዝ። ከላይ ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ ሌላ ምዘዝ። ሁለቱን በጣትህ ሳብ። የታችኛው ይታገልሃል። የላይኛው ሳይታገል ብጥስ ይላል። ሁለቱንም የሳበው ያው ያንተ እጅ ነው። የላይኛውን የበላው ፀሐዩ ነው።

ርካሽ ሽፋን ላይ ጨርቁ ሳይሞት ክሩ ይሞታል። ለናንተ ፀሐይ ቴናራ የሚባለው ክር አለ፣ ከቴፍሎን ዘር ነው። ፀሐይም በረኪናም ምንም አያደርጉትም። ዋጋው ይጨክናል። ስለዚህ አዲስ ሽፋን ከመግዛት ይልቅ ጨርቃቸው ደህና የሆኑትን ሰብስባችሁ በዚህ ክር ድጋሚ አሰፏቸው ብለህ ንገረው። ክር መቀየር ሽፋን ከመቀየር ይረክሳል። ነጋዴ ከሆነ ይሰማሃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጨው ነው። ጄት ስኪው ከባሕር ወጥቶ በንጹሕ ውሃ ሳይታጠብ ሽፋን ካለበሳችሁት፣ የደረቀው ጨው በሽፋኑና በቀለሙ መካከል ገብቶ ይፍቀዋል። ጨው ደግሞ ማታ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። የበጋ ሌሊታችሁ እንደምታውቀው ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ በየቀኑ የታጠበ የሚመስለው ወንበር ጠዋት የሚያጣብቀው ለዚህ ነው። መጀመሪያ እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ አልብስ። ሽፋኖቹንም አልፎ አልፎ በቱቦ ውሃ ገልብጠህ እጠባቸው። ቀለማቸው ነጣ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ሽፋን በናንተ ፀሐይ ስር ወንበሩን ያበስለዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ መዝናኛ ውስጥ ሁለት ጄት ስኪዎች አሉን። ሽፋን ከውጭ ማስመጣት በአሁኑ የዶላር ዋጋ አይታሰብም። እዚሁ ማሰፋት ይቻላል? ደግሞ አባ ኮዳዎቹ ኩሳቸውን እየለቀቁብን ተቸግረናል።

መልስ፦ ይቻላል እንጂ! እንዲያውም ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው። አገር ቤት ያሉ ሸራ ሰፊዎች ሥራውን ይችሉታል። የሚጎድላቸው የጄት ስኪው ቅርጽ ነው፣ እሱን ደግሞ አንተ ትወስድላቸዋለህ።

ገበያ ላይ የምታገኘው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጭነት መኪና ሸራ ነው፣ ፕላስቲክ የተለበጠው። ዝናብ አያሳልፍም፣ ግን አይተነፍስም፣ ይከብዳልም። ሌላው የጥጥ ድንኳን ሸራ ነው። ይተነፍሳል፣ ግን እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይበሰብሳል። እኔ ብሆን የመኪናውን ሸራ ወስጄ ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ። ከፊትና ከኋላ የአየር መውጫ፣ ወንበሩንና ቀለሙን በሚነካበት ቦታ ደግሞ ከውስጥ ለስላሳ ገበር። ነጣ ያለውን ምረጥ። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳም ጨርቅም የሚያቃጥለው ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ለስላሳ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ።

ሸራውን ወዲያው አትቁረጥ። አቡጀዲ ግዛ። ጄት ስኪው ላይ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ዘርጋውና መሐሉን በእርሳስ አስምር። ከዚያ መስመር ተነስተህ ወደ ግራ ብቻ ሥራ። ቀኙ የግራው ግልባጭ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አትለፋ። የሚጨማደደውን በመርፌ ቁልፍ እየያዝክ አጥብበው፣ በተለይ መሪው አንገት ላይ። ከታች በኩል ሰውነቱን ዙሪያውን ከከበበው ጎማ ጠርዝ አንድ እጅ ያህል ዝቅ ይበል። ላስቲኩ የሚይዘው ከዚያ ጎማ ስር ነው፤ እዚያ ካልደረሰ የመጀመሪያው ነፋስ ይገልጠዋል። ለስፌት 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ላስቲክ ለሚገባበት ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ጨምረህ ቁረጥ። አቡጀዲውን ለብሶ ካየኸው በኋላ ነው ሸራው የሚቆረጠው።

የልብስ ሰፊ ማሽን አይችለውም። ቦርሳና ጫማ የሚሰፉ ሰዎች ጋ ሂድ። ሦስት ነገር ለምናቸው። ክሩ ወፍራም ፖሊስተር ይሁን፣ የጥጥ ክር አይሁን። ስፌቱ ሰፋ ይበል፣ 4 ሚሊ ሜትር ያህል። ደቃቅ ስፌት ያማረ ይመስላል፣ ግን ሸራውን እንደ ቴምብር ጠርዝ በስቶ እዚያው እንዲቀደድ ያደርጋል። ሁለቱ ጨርቆች ሲገናኙ ታጥፈው ድርብ ይሰፉ፤ የላይኛው ጨርቅ በታችኛው ላይ ይደረብ፣ ተቃራኒው ከሆነ ውሃው እየተንሸራተተ ይገባል። ሰፊው «ይሄማ ምን ችግር አለው» ካለህ ቆመህ አሰፋ።

አባ ኮዳዎቹን በተመለከተ መቼም አሞራ ገደል፣ እዚያው ሐዋሳ የዓሣ ገበያው ዳር፣ ያለ ሰው ምን ይነግራቸዋል። ኩሱ ግን ሲደርቅ ነው ጉዳቱ። ደረቅ ኩስ አትፋቀው፤ ውስጡ ያለው አሸዋና የዓሣ አጥንት ሸራውን ይጭረዋል። ውሃ አርከፍክፈህ ለስልሶ ሲነሳ በጨርቅ ጥረገው። ደግሞ ጄት ስኪዎቹን ከዛፍ ስር አታቁሙ። ጥላ ፍለጋ ከዛፍ ስር አስገብታችሁ የወፎቹን ማደሪያ እየመረጣችሁ እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ ሽፋኑን አልብሼ በትሬለር መጎተት እችላለሁ?

መልስ፦ ሽፋኑ ለመንገድ የተሠራ ከሆነ ብቻ። ለመንገድ የተሠራው ከጎኖቹ ማሰሪያ ማስገቢያ ቀለበቶች አሉት፣ ማሰሪያውም ከትሬለሩ ጋር ይታሰራል። ላስቲክ ብቻ ያለው ከሆነ አውልቀው። ሀይዌይ ላይ የሚርገበገብ ጠርዝ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የብረት ዘለበት ካለው ዘለበቱ ሰውነቱን እንዳይነካ ወደ ታች አውርደው። ነዳጅ ስትሞላ ዙረህ ማሰሪያዎቹን በእጅህ ሞክር፣ መላላታቸው አይቀርም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው የማቆመው። ከፎቁ የሚወርድ አቧራ ካልሆነ በቀር ምንም የለም። ግን ሁሉም ሰው ግዢ ግዢ ይለኛል። ሽፋን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አያስፈልግሽም። አሮጌ የጥጥ አንሶላ ጣል አድርጊበት፣ ይተነፍሳል፣ አቧራውንም ይይዛል። በተረፈው ገንዘብ ባትሪ ቻርጀር ግዢ። ይልቅ ጋራዥሽ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለ ጄት ስኪውን አብረሽው አታቁሚ። የቤንዚን ተን መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ የማሞቂያው እሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ታች ነው ያለው።